ማርቆስ ያልቆጠረው ሦስት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ለቅሶ ልደርስ ሄጄ የሰጡኝ የፕላስቲክ ወንበር አላስቀምጥ አለችኝ። የጂንካ ዝናብ ድንኳኑ ሥር ያለውን መሬት አቡክቶት ወንበሯ አንድ እግሯን አየር ላይ አንጠልጥላ ግራና ቀኝ ታንገላታኛለች፤ ጠጠር ፈልጌ ብደግፋት ደግሞ በሌላው በኩል ተነሣች። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ተያት ልጄ፣ የዘንድሮ ዕቃ እንዲህ ነው» ብለውኝ ወደ እንባቸው ተመለሱ። እኔ ግን ወንድሜ ማርቆስ ቢኖር ይህን ጊዜ ወንበሯን ገልብጦ «አንዱ እግሯ ትርፍ ነው፣ ካልቆረጥኩ» እያለ እንደሚያስቸግረን አሰብኩና፣ ያ ሁሉ ሰው በሚያለቅስበት ድንኳን ውስጥ፣ የልጆች እናት ሆኜ፣ ሳቄ መጣብኝ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ የማለቅስ መሰልኩ፤ ትንሽ ቆይቶ እውነትም አለቀስኩ።

ማርቆስ ታላቄ ነበር። አባታችን ከጎፋ መጥቶ ጂንካ የቀረ አናጺ ነው፤ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ዳስ የዋንዛ እንጨት ሲጠርብ የሚወጣው እርጥብ ሽታ፣ ልብሳችንም እንጀራችንም ላይ እስኪቀር ድረስ ግቢውን ይሞላው ነበር። አንድ ቀን ማርቆስ በርጩማ ለምን ሦስት እግር ብቻ እንዳለው ጠየቀው። አባታችን መጥረቢያውን ሳያስቀምጥ፣ ጎፋኛ በሚጫነው አማርኛው «ሦስት ሲሆኑ ሁሉም መሬት ይነካሉ፤ አራት ሲሆኑ ይጣላሉ» አለው። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን የሦስት በሽታ ያዘው።

መጀመሪያ ወጥ ቤት ገብቶ «እማዬ፣ ጉልቻሽም ሦስት ነው!» ብሎ ጮኸ፤ እናታችን «እሰይ፣ ዛሬ ገና አየኸው? በል ይልቅ እንጨት አምጣልኝ» አለችው እንጂ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ከትምህርት ቤት ይዞ የማይመጣው ሦስት አልነበረም። የሒሳብ መምህሩ ከቅርጾች ሁሉ ጎኖቹ ሳይሰበሩ የማይጣመመው ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው ሲሉት እየሮጠ መጥቶ አባታችን የሠራውን ጣሪያ አንጋጦ አየ፤ እውነትም ከወጋግራው ሥር ያለው ሁሉ ሦስት ማዕዘን ነው። ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ ተማረ፤ ሌሎቹ ቀለማት ሁሉ የሚወጡባቸውን ሦስት ቀለማት ተማረ፤ ዮናስ በዓሣው ሆድ ሦስት ቀን እንዳደረ፣ ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ እንደካደ ከሰንበት ትምህርት ለቃቅሞ መጣ። ጉንዳን ይዞ አፍንጫዬ ሥር እያንፈራገጠ «ራስ፣ ደረት፣ ሆድ! ደግሞ ሦስት!» ይለኝ ነበር፤ እኔ እሪ ብዬ ስሸሽ እሱ በሳቅ ይፈርሳል። «ደግሞ ሦስት!» የቤታችን ቋንቋ ሆነ፣ እናቴ እንኳ ወጥ ስትጨልፍ ታመልጣት ነበር።

ያኔ፣ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት፣ የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሀል ያለ ሣር ሜዳ ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ያባርሩበታል፣ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱም ልጁም ይባረርና ዳር ላይ ተደርድሮ ያያል። እኔና ማርቆስ እርጥቡ ሣር ላይ በሆዳችን ተኝተን አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ጠበቅን፤ ከኋላ ሁለት፣ ከፊት አንድ ጎማ። ማርቆስ አልጮኸም፣ ክርኔን ያዝ አድርጎ «አየሽ አይደል?» ብቻ አለኝ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

በዚያው ክረምት አባታችን ወይጦ ላይ የሱቅ ጣሪያ ሊሠራ ሲወርድ ማርቆስን ሚስማር አቀባይ አድርጎ ወሰደው። ወይጦ ቆላ ነው፣ ትንኙ ሌላ ነው። ልጁ በጭነት መኪና ቀድሞ ወደ ቤት ተመለሰ፤ አባቴ ሥራውን ሊጨርስ እዚያው ቀረ። ቅዳሜ፣ ገበያ ውለን ስንገባ፣ ማርቆስን ብርድ ይዞት አገኘነው፤ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ደርበንበትም አልጋው ይንቀጠቀጣል። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ጸለዩለት። እሑድ ጠዋት ተነሣ፣ ታጠበ፣ ገንፎውን አጥርጎ በላ፣ በእግሩ ጉባኤ ሄደ፤ ምስክርነት ያለው ይቁም ሲባልም ቆሞ «ጌታ ፈወሰኝ!» አለ። እልልታው ቆርቆሮውን ነቀነቀው፣ እናቴ እንባዋ እስኪደርቅ አለቀሰች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ብርዱ ተመለሰ። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ «ተነሣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ስትለው ጥርሱ እየተንገጫገጨ «እማዬ፣ በጉባኤ ፊት መስክሬአለሁ እኮ! አሁን ክኒን ስውጥ ቢያዩኝ ጌታን ማሰደቤ አይደለም?» አላት። እሷም የእምነት ሰው ናት፣ ነጠላዋን መልሳ አወለቀች። ማክሰኞ ደህና ሆነ፤ «አላልኳችሁም?» ብሎ ሣቀብን። ረቡዕ ጣለው። ሐሙስ ተነሣ። በተሻለው ቀን ሁሉ ተፈወሰ እንላለን፣ በማግስቱ እምነታችን ጎደለ ብለን እናለቅሳለን። አርብ ማታ አባቴ ደረሰና በጀርባው አዝሎት ወደ ሆስፒታል ሮጠ፤ ማርቆስ ግን ያን ጊዜ ስሙን ሲጠሩት አይሰማም ነበር።

የሆስፒታሉ ነርስ ትኩሳቱ መቼ መቼ እንደመጣ ጠየቁ። እናቴ በጣቷ እያጠፈች ቅዳሜ፣ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዛሬ አለች። «ወባ ናታ፣ እህቴ። የያዘችው ቀን አንድ፣ የለቀቀችው ቀን ሁለት፣ በሦስተኛው ትመለሳለች። ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጡት…» አሉና ሳይጨርሱት ወደ መርፌያቸው ዞሩ። ጉንዳን ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ፣ አውሮፕላን ሆድ ሥር ሦስትን ፈልጎ የሚያገኝ ልጅ፣ ገላው ውስጥ የተቀመጠችውን አላያትም። ቅዳሜ ሲነጋ ሞተ።

መጋቢያችን ቀብሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ «እኔ ራሴ ክኒን እውጣለሁ እኮ፣ ማን ከለከለው?» ይሉ ነበር። ማንም አልከለከለውም፣ ይሄው ነው የሚያንገበግበኝ። ለቅሶ ተቀመጥን፤ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲፈታ እናቴ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ድምፅ ግን አልወጣትም። ከዚያ ወዲህ «ደግሞ ሦስት» ስትል ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ አውሮፕላኑ አስፋልት ላይ ያርፋል፣ የአባቴ ዳስ ፈርሶ የሚከራዩ ክፍሎች ተሠርተውበታል፣ በእናቴ ወጥ ቤት በጉልቻው ቦታ የጋዝ ምድጃ አለ። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ወባ የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ «ትኩሳቱ በየሦስተኛው ቀን ይመለሳል» ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፍና ጠመኔውን እንደያዝኩ ጥቂት እቆማለሁ። ተማሪዎቼ የሚቀጥለው ጠፍቷት ነው ብለው ይንሾካሾካሉ። እኔ ከኋላ ዴስክ አንድ ድምፅ «ደግሞ ሦስት!» ብሎ እንዲጮህ እየጠበቅሁ ነው።