አሜን የጎደለው ምርቃት

የዚያን ቀን አሽቀሎን ላይ ሻራቭ ነበር። ትኩሱ የበረሃ ነፋስ አሸዋ እያመጣ መስኮቱ ላይ ይበትናል፤ ባሕሩም ከአፍሪዳር ሰፈር ወዲያ በአቧራ ተሸፍኖ አይታይም። ልብስ ሳሰጣ ጋሼ ካሳው ደረጃውን ሲወጡ አየኋቸው። በእኛ ሰፈር መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ስለሆኑ ገና ሳያቸው ልብሱን ጥዬ ወደ በሩ ሄድኩ።

«የዘርፈሽ እናት ዐርፈዋል» አሉኝ። «ትናንት ከአዲስ አበባ ተደወለ። ነገ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ እናረዳታለን። እስከዚያ ከአጠገቧ አትለዪ፤ ወሬው ከሌላ አፍ እንዳይደርሳት።»

«ዛሬ ኮንሰርት አለን እኮ፣ ጋሼ።»

«ብታስቀሪያት ትጠረጥራለች። መርዶ ደግሞ በመንገድ አይነገርም። ይዘሻት ሂጂ» ብለው ወረዱ።

ዘርፈሽ ጎረቤቴ ናት። ከአንድ መንደር ነን፤ ሁለታችንም ከአራተኛ ክፍል አላለፍንም። ያኔ ካርቶን ፋብሪካ ጎን ለጎን ቆመን እንሠራ ነበር። አውሮፕላኖቹ ወደዚህ አገር ሊወስዱን የመጡ ዕለት እናቷ እማማ ትዋበች ሆስፒታል ተኝተው ነበርና ቀሩ። ከዚያ በፊት እናትና ልጅ አዲስ አበባ የዚህ አገር ኤምባሲ አጠገብ ቤት ተከራይተው ጉዞ ሲጠብቁ አንድ ካሴት ነበራቸው፤ የዘፋኙ የታፈረ። ታፈረ ባንድ የለውም፤ ከበሮውንም ዋሽንቱንም ብቻውን ከአንድ ኦርጋን ያወጣዋል። እማማ ትዋበች «ከበሮ መቺ ያጣ ምስኪን፣ ሳጥን ያስጮሃል» ይሉ ነበር፤ ትከሻቸው ግን አያርፍም።

ታፈረ አሽቀሎን ይመጣል ከተባለ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከልክሎ ቀርቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘርፈሽ ሹሩባዋን ተሠርታ ቤቷ ውላለች። እንዴት ዛሬ ቅሪ ልበላት? ደግሞስ ነገ «እናቴ ሞታ አስጨፈርሽኝ» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?

አስራ አንድ ሰዓት ላይ የሰፈሩ ሰው መሰብሰቢያ፣ የማትናሱ አዳራሽ ጢም ብሏል።

«ምነው ፊትሽ? ፈረቃ ልትገቢ ነው?» አለችኝ ዘርፈሽ።

«ሙቀቱ ነው።»

«እኔ ዛሬ ሙቀትም አላውቅ።»

መርዶውን የሰማው የሰፈራችን ሰው ያየናል። ዘነቡ የምትባል ጎረቤታችን መጥታ ዘርፈሽን ዐቅፋ አልለቅ አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ክንዷን ቆነጠጥኳት።

«ምነው፣ ይህን ያህል አርጅቻለሁ?» ብላ ዘርፈሽ ሳቀች።

ታፈረ ወጣ። ካሴቱ ላይ ካለው ፎቶ ይልቅ ቀጭን ነው። አንዲት ቁልፍ ተጫነና ከበሮው ብቻውን ተነሣ። ዘርፈሽ እጄን ጨበጠች። «እውነትም ብቻውን ነው» አለችና ትከሻዋ ሄደ። እኔ በሩን በሩን አያለሁ። ቶሎ ባለቀ እላለሁ፤ ደግሞ ባላለቀ እላለሁ።

አራተኛው ዘፈን ሲያልቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ወረቀት ልኬለታለሁ» አለች።

«የምን ወረቀት?»

«ለእማዬ እንዲዘፍንላት።»

መድረኩ ጋ እንዳልደርስ ሰዉ ግድግዳ ሆኗል። ታፈረ ላቡን ጠርጎ ወረቀቱን ገለጠ።

«ይህ ዘፈን አዲስ አበባ ላሉት ለእማማ ትዋበች ነው፤ ከልጃቸው ከዘርፈሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን» አለ።

ከሌላ ከተማ የመጡት ከኋላ «አሜን» አሉ። በእኛ ዙሪያ ያለው የሰፈራችን ሰው ግን አፉን አልከፈተም። ለሞተ ሰው ዕድሜ አሜን ማለት አንደበታቸው እምቢ አለ። አቀረቀሩ። ኦርጋኑ ጀመረ፤ አንድም ትከሻ አልተነቃነቀ።

ዘርፈሽ ዞራ አንድ በአንድ አየቻቸው። በመጨረሻ እኔን አየችኝ።

«መቼ?»

ክንዷን ያዝኩ።

«ተዪው፣ አትንገሪኝ። መርዶ በማለዳ ነው» አለች።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። እጇን ከነጠላው ሥር አድርጋ፣ ሳትነቃነቅ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆማ ሰማች። አንድ ጊዜ ብቻ «ምስኪን፣ ሳጥን ያስጮሃል» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ወጣን።

በማግስቱ ማለዳ እነጋሼ ካሳው ሲያንኳኩ ለብሳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሲነግሯት አሁን ገና እንደሰማ ሰው ጮኸች። እኔም ጮኽኩ። ማወቋን ለማንም አላወራሁም። ለምን እንደወሰድኳት አልጠየቀችኝም፤ እኔም ተቀይማኝ እንደሆን አልጠየቅኋትም።

ዘርፈሽ አሁን አቲቆት ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች።