ትንፋሽ የምትቆጥበው ወፍ

ቆይ፣ ይሄን ስሙኝ። ፔንግዊን የምትባል ወፍ አለች። መብረር አትችልም፣ በረዶ አገር ነው የምትኖረው። እኔ ጂንካ ተቀምጬ ስለሷ ያወቅኩት በእህቴ ነው።

ታላቄ ናት። እኔ ሰባተኛ ላይ ትምህርት ጥዬ ጋራዥ ገባሁ፣ እሷ አስራ ሁለተኛን ጨርሳለች። አስም ነበረባት። መዘምራንን እንኳን የተወችው በሱ ነው፤ መዝሙሩ ሳያልቅ ትንፋሿ ያልቃል። አንድ እሁድ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ወፏ ቴሌቪዥን ላይ መጣች። ወሬው በእንግሊዝኛ ነው፣ እህቴ ናት የምትነግረኝ።

"ኦክስጅኑን ሳንባዋ ውስጥ ብቻ አይደለም የምትይዘው፣ ደሟና ጡንቻዋ ውስጥም ታስቀምጠዋለች። ስትጠልቅ ደግሞ እንዲበቃት ልቧን ታዘገየዋለች። ትልልቆቹ ከሃያ ደቂቃ በላይ ውሃ ውስጥ ይቆያሉ።"

"አንቺ የገበያዋን ዳገት አንዴ ወጥተሽ ትሞቻለሽ!" አልኳት።

"አንተስ? ሰባት ዓመት ተምረህ አንድ መስመር እንግሊዝኛ አልያዝክ!"

ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ።

ከዛ በኋላ ሲያፍናት ጨዋታችን ሆነ። ቁጭ ትልና መዳፏን ታነሳለች። "ጠልቄያለሁ፣ አታናግረኝ" ማለቷ ነው። ዝም እላለሁ። ቀስ እያለች ትመለሳለች።

አንድ ቀን ከካኮ ገበያ በአይሱዙ ስንመለስ አቧራው አፈናት። የምትስበው መድኃኒት እጇ ላይ አለቀ። መንገድ ላይ ካገኘነው ጤና ጣቢያ አስገባኋት።

"ኦክስጅን አለን፣ ግን ስቶር ውስጥ ነው" አለች ነርሷ፣ ልታለቅስ ደርሳ። ሲሊንደሩ አዲስ ነው፣ እንዳይበላሽ ተብሎ ተቆልፎበታል። ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ስብሰባ ሄዷል፣ ስልኩም አይሰራም። ሲሊንደሩን በመስኮት አየሁት፤ ላስቲኩ እንኳን አልተላጠም።

ከሹፌሩ የክሪክ ብረት ይዤ የስቶሩን በር ልሰብር መጣሁ። ዘበኛው፣ ሽማግሌ ነው፣ በሩ ላይ ቆመ።

"ልጄ፣ ያለ ሞዴል 22፣ ያለ ዕቃ ማውጫው ወረቀት፣ ከዚህ መርፌ አይወጣም። ብትሰብረው የምታሰረው እኔ ነኝ።"

"አባባ፣ እህቴ እየሞተች ነው እኮ!"

 ልገፋው ስል ዞር ብዬ እህቴን አየሁ። በረንዳው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ መዳፏን አነሳች።

በሕይወቴ የሰው ቃል ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ሰማሁ። ብረቱን አስቀምጬ ጎኗ ተቀመጥኩ። ዝም አልኩ። እንደለመደችው ትመለሳለች ብዬ ጠበቅኩ።

አልተመለሰችም።

አሁንም ጋራዥ ነኝ። ለብየዳ ኦክስጅኑን ስከፍተው ሽሽ ይላል። ለተሰበረ የአይሱዙ ብረት አይጠፋም። በሩን ያልሰበርኩበትን እጄን አየዋለሁ፤ የኔን ጥፋት እኔ ተሸክሜዋለሁ። እናንተ ግን፣ ትንፋሽ ቆልፋችሁ ቁልፉን በኪሳችሁ ይዛችሁ ስብሰባ የምትሄዱ፣ እህቴ ስንት ደቂቃ ጠልቃ ብትቆይ ነበር የምትደርሱላት?