ቅሉ ላይ የታሰረው ቢጫ ክር

ቤቴ የገባ ሰው ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ጥቁር ቅል ላይ ነው። ከዚያ አንገቱ ላይ የታሰረውን ቢጫ ክር ያይና፣ "ላም የለሽ፣ መናጫ ምን ያደርግልሻል?" ይለኛል። ላም እንደሌለኝማ አጥቼው አይደለም። ቅሉ የእናቴ ነው፤ ክሩ ደግሞ የውሃ ዋና ሽልማት ነው። የማን ሽልማት እንደሆነ ግን እኔና እናቴ እስከ መጨረሻዋ ቀን ተከራክረን አልተስማማንም።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ዳባት ነበር። አንድ ክረምት፣ ከወንዙ ማዶ እየተመላለሰች የምትማር የወንበር ጓደኛዬን ብርቄን ደራሽ ውሃ ወሰዳት። ትልልቆቹ "ወንዙ ግብሩን በላ" ብለው አለቀሱ፣ ቀበሩ፣ ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ባዶ የቀረው የወንበሩ ጫፍ ላይ ደብተሬን እያስቀመጥኩ ከረምኩ። ዝም ያላለው መምህር አንተነህ ብቻ ነበር። ከጣና ዳር ተመድቦ የመጣ፣ የዳባት ብርድ ሁለት ሹራብ የሚያስደርበው ቀጭን ሰው። ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ "ግብር የሚባል ነገር የለም፤ ብርቄ መንሳፈፍ የሚያስተምራት ሰው አጣች፣ በቃ" አለን። እንዲህ ያለ ንግግር ከትልቅ ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ውሃው ሲጠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው በታች ወዳለው የወንዙ ኩሬ ይወስደን ጀመር። ውሃው እንደ መርፌ ይወጋል። መጀመሪያ ቀን ከሃያ ልጅ ገብቶ የቆየ ሦስት አይሞላም፤ ሌላው ቁርጭምጭሚቱን አርሶ ተመለሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መምህር የጥለት ክር ይዞ መጣ። ጭንቅላቱን ሦስት ጊዜ ውሃ ውስጥ ነክሮ ትንፋሹን ለያዘ ቀይ፣ በጀርባው ተንጋሎ ያለ ቅል ለተንሳፈፈ አረንጓዴ፣ ኩሬውን ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ለተሻገረ ቢጫ። ለአንዲት ክር ብለን የሆነውን ብታዩ! ከንፈራችን ጠቁሮ፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ፣ "ቲቸር እዩኝ! ቲቸር እኔን እዩኝ!" እያልን ውሃውን አደፈረስነው። ስንወጣ ፀሐይ የሞቀው ድንጋይ ላይ በሆዳችን እንተኛለን፤ ከሥራችን የተረገጠ ጦስኝ ይሸታል።

መለማመጃችን ቅል ነበር። አፉን በሰም ደፍነን ደረታችን ላይ በመቀነት እናስረዋለን። እኔ የወሰድኩት የእናቴን መናጫ ነው። ላማችን ነጥፋ ስለነበር ሥራ ፈቶ ተሰቅሏል፤ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ገበያ ስትወጣ አውርጄ፣ ሳትመለስ እሰቅለዋለሁ። የወይራ ጭስና የቅቤ ሽታው ከነውሃው አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል፤ እስከ ዛሬ ዋና ሲባል መጀመሪያ የሚሸተኝ ቅቤ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይህን አልክድም። መምህር ክሩን የሚያስርልን እጃችን ላይ ነበር። እኛ አገር ግን እጁ ላይ ክር የሚታሰርለት የታመመ ሕፃን ነው። የክብር ክር ቦታው አንገት ነው ብዬ ቀዩንና አረንጓዴውን ፈትቼ ከማተቤ ጎን አሰርኩት። በማግስቱ ሁሉም እንደኔ አደረጉ። ማተብ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ክርስትና ስንነሳ፣ ከውሃው እንደወጣን ቄስ የሚያስርልን ነው። ይህን ያላሰብነው እኛ ልጆቹ ብቻ ነን።

እናቴ ፀጉሬን ልትሠራኝ አንገቴን ገለጥ ስታደርግ አየችው።

"ይኼ ምንድነው?"

"ሽልማት ነው።"

"ማን አሰረልሽ?"

"መምህር አንተነህ።"

"የት?"

"ወንዝ ውስጥ።"

እጇ ፀጉሬ ላይ ቀረ። "ተነክረሽ?"

"አዎ፣ ሦስት ጊዜ!" አልኩ በኩራት።

እናቴ "ወይኔ ልጄን!" ብላ ማበጠሪያውን ጣለች። እውነቴን በተናገርኩ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሄደ። ሳይመሽ ዳባት ሙሉ፣ ከሐይቅ ዳር የመጣው መምህር ልጆቹን ወንዝ እየነከረ ሃይማኖት ያስለውጣል ተባለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምህርን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አቆሙት። የንስሐ አባታችን ቄስ መብራቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው መሐል ተቀመጡ። መምህር የራሱን ማተብ ከሁለቱ ሹራቦቹ ሥር ጎትቶ እያሳየ፣ "አባ፣ እኔም የተጠመቅሁ ነኝ፤ ያስተማርኳቸው ዋና ነው" ቢል ማን ይስማው? አንድ ሽማግሌ፣ "ዋና ከሆነ ክሩ ለምን አንገት ላይ ሄደ?" ብለው ጠየቁ። መምህር ዞሮ እኛን አየ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። "ልጆቹ ናቸው" ማለት ይችል ነበር፤ አላለም።

ልጆቹ አንድ በአንድ እየተጠሩ ክራቸው ተበጠሰ። የኔ ተራ ሲደርስ አንገቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። እናቴ "ውባለም! አታዋርጂኝ!" አለች በጥርሷ መሐል። እኔ ግን የታየኝ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ከተባረረ በሚቀጥለው ክረምት ውሃው ሌላ ብርቄ ይወስዳል፣ እነሱም አልቅሰው ዝም ይላሉ።

"አንገቴ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ! እሱ እጄ ላይ ነው ያሰረው!" ብዬ ጮህኩ። "ዋና መሆኑን ካላመናችሁ ኑና እዩ!" መልስ ሳልጠብቅ ቁልቁል ሮጥኩ።

ቀሚሴን በመቀነት ጠፍሬ ኩሬው ውስጥ ስገባ ሕዝቡ ገና ቁልቁለቱን እየወረደ ነበር። ቅሉን አልያዝኩም፤ ተሻግሬም አላውቅም። መሐል ስደርስ ቀኝ እግሬ እንደ እንጨት ደረቀ። ዳር ላይ እሪታው ቀለጠ። እናቴ ነጠላዋን ጥላ እስከ ጉልበቷ ገብታ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ፤ የምትዋኝ አይደለችም፤ ከኔ ጋር ልትሰምጥ ነው የገባችው። ያኔ የአረንጓዴው ክር ትምህርት ትዝ አለኝ። ተንጋለልኩ፤ ሰማዩን እያየሁ ተነፈስኩ። ውሃው ያዘኝ። እግሬ ሲላቀቅ ዞሬ፣ እየተንቦጫረቅሁ ማዶ ያለውን ድንጋይ ጨበጥኩ።

ቄስ መብራቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ይህስ ጥምቀት አይደለም" አሉ። "የሚጠመቅ ሰው እንዲህ አይራገጥም።" መጀመሪያ የሳቁት እኒያው ሽማግሌ ናቸው። መምህር ዋናውን እንዲቀጥል ተፈቀደ። "ክሩ ግን ይቅር" አሉ ቄስ፤ "ሰው ግራ ያጋባል።" መምህር ቢጫውን ክር ከኪሱ አውጥቶ ነበር። አየኝ፣ አያቸው፣ መልሶ ከተተው። በዓመቱ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ቢጫዬን ሳላገኝ ቀረሁ።

እናቴ እየተንቀጠቀጥኩ ጠቅልላ ቤት ወሰደችኝ። መናጫው አፉ በሰም እንደተደፈነ ያገኘችው ላማችን ስትወልድ ነው። ያን ቀን የተናገረችውን አልጽፈውም። ሲነጋ ግን ቅሉ ተሰቅሎ፣ አንገቱ ላይ ከነጠላዋ ጥለት የተመዘዘ ቢጫ ክር ታስሮ አገኘሁት። "የኔ ነው?" አልኳት። "የቅሉ ነው" አለች ፊቷን ሳታዞር። "የዋኘው እሱ ነው፤ አንቺ ታዝለሽ ነው የሄድሽ።" ኩሬውን በተሻገርኩ ቀን ቅሉን ይዤ እንዳልነበር አሳምራ ታውቃለች። አንድም ቀን አላመነችልኝም።

አሁን የምኖረው ደባርቅ ነው፤ ልብስ እሰፋለሁ። ክረምት አልፎ ውሃው ሲጠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ወንዝ እወስዳለሁ፤ ከስፌቴ የተረፈ ክር ኪሴ ውስጥ አይጠፋም። የዘንድሮ ወላጅ ሃይማኖት ታስለውጣለች ብሎ አይጠረጥረኝም፤ ሌላ ክርክር ነው ያመጣብኝ። አንዱ፣ "ለክር ብሎ የዋኘ ልጅ ክሩ ሲቀርበት ዋናውን ይተዋል" ይለኛል። ሌላዋ፣ "እንዳይከፋቸው ለሁሉም እሰሪላቸው" ትላለች። አላስርም! ኩሬው ለሁሉም እኩል አያዝንም፤ የተሻገረ ይታሰርለታል፣ ያልተሻገረ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያለቅሳል፤ እኔም አብሬው ቁጭ እላለሁ። ሽልማት ልጅ ያበላሻል ለሚሉኝም መልሴ አጭር ነው፤ ክር ውሃ ውስጥ አስገባኝ፣ ክር ተከለከልኩ፣ ከውሃው አልወጣሁም።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተሻገረች። ቄስ መብራቴ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቃላቸውን በከፊል አክብሬ ቢጫውን እጇ ላይ አሰርኩላት። "እትዬ፣ የእርስዎስ የታል?" አለችኝ እየተንቀጠቀጠች። "ቅል ላይ ነው" አልኳት። ምንም አልገባትም። ዳገቱን ስንወጣ ከፊቴ ትሄድ ነበር፤ ክሩን በጥርሷ ፈታ አንገቷ ላይ ስታስረው አየኋት።

ቋጠሮውን እስክትጨርስ እርምጃዬን ቀነስኩ።