አዴ ሎሚና እምቢ ያለው ለቅሶ

በዚህ ቴአትር ላይ እኔ ሬሳ ነኝ። አይሳቅ! ለባጃጅ ነጂ ሬሳነትም ሹመት ነው። ጋቢ ተከናንቤ መድረኩ ላይ ስለምውል፣ የልምምዱን ነገር ነቀምቴ ውስጥ እንደ እኔ የሚያውቅ የለም። አዴ ሎሚንም በደንብ ያወቅኳቸው እዚያው ተጋድሜ ነው።

አዴ ሎሚ፣ በአማርኛ እማማ ሎሚ እንደማለት ነው፣ ገበያ ውስጥ ቅቤ ይሸጣሉ። ከጉቴ ገጠር የሚመጣውን ገበሬ በኦሮምኛ፣ የከተማውን ደንበኛ በአማርኛ ያስተናግዳሉ፤ በሁለቱም አይረቱም። አዘጋጃችን በርናባስ ቅቤ ሊገዛ ሄዶ ዋጋ ላይ አፉን አስያዙት። «በቃ፣ የልጁን እናት እርስዎ ይሠሩልኛል» ብሎ አመጣቸው። ቃለ ተውኔቱን ከሁላችንም ቀድመው ያዙ፤ እኛንም ማረም ጀመሩ።

ችግሩ ለቅሶው ነበር። ልጅየው ሲሞት እናቱ መጮህ አለባት። አዴ ሎሚ ግን እዚያ ሲደርሱ ከጉሮሯቸው የሚወጣው ድምፅ ከሳል አይበልጥም።

«አዴ፣ የሞተው እኮ ልጅዎ ነው!» ይላል በርናባስ።

«እንዴት ብዬ ላልቅስለት? እያየሁት ይተነፍሳል» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው፣ እተነፍሳለሁ።

ባለፈው ሐሙስ የበርናባስ ትዕግስት አለቀ። «ዛሬም ካልሆነ ሚናውን ለሩት እሰጣለሁ» አለ። ሩት ጎበዝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ግን እሷ በዚህ ዕድሜዋ እናቴ ሆና ልትቀብረኝ? ደሜ ፈላ። ሬሳ ስለሆንኩ ዝም አልኩ።

አዴ ሎሚ ወገባቸውን በነጠላቸው አሰሩ። አጠገቤ ተንበርክከው እጃቸውን ደረቴ ላይ ጫኑ። ከዚያ ጮኹ። በቴአትሩ ስሜ ባቻ ነው፤ እሳቸው ግን «ያ ጂሩ ኮ! ያ ኦቦሌሳ ኮ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። በኦሮምኛ «ጂሩዬ! ወንድሜ!» ማለታቸው ነው።

በርናባስ ሊያስቆማቸው አልደፈረም። አዳራሹ ያለው ሰፈር መሃል ነው፤ በሰፈራችን ደግሞ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቶ ቤቱ የሚቀመጥ የለም። የእድሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ፤ ከኋላቸው ጎረምሶች አግዳሚ ወንበር ተሸክመዋል። ከፊት የነበሩት እማማ ብፅዓት ጋቢውን ከፊቴ ላይ ገለጥ አደረጉት። ምን ላድርግ? «ደህና ዋሉ» አልኳቸው።

«በሞት ትቀልዳላችሁ?» ብለው በርናባስ ላይ ጮኹበት።

«ቀልድ አይደለም» አሉ አዴ ሎሚ፣ ከመሬት ሳይነሱ። «ወንድሜ ጂሩ፣ ጊዳ አያና ወረዳ ውስጥ ሞቷል። በዚያ ክፉ ጊዜ። መንገዱ ዝግ ነበር፣ አልቀበርኩትም። መርዶውን በስልክ ሰምቼ፣ ለማንም ሳልናገር በማግስቱ ቅቤዬን ይዤ ገበያ ወጣሁ። ዛሬ ነው የወጣልኝ።»

የእማማ ብፅዓት ቁጣ በረደ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡና «ምነው ሳትነግሪን፣ እህቴ?» አሉ። ጎረምሶቹ አግዳሚውን አስቀመጡ። ልምምዱ ቀርቶ ለጂሩ ለቅሶ ተቀመጥን። እኔም ጋቢዬን ለብሼ ከወንዶቹ መሃል ገባሁ፤ የማላውቀውን ሰው ሳላፍር አለቀስኩት።

ሰው ሲበተን በርናባስ አቀርቅሮ ቀረበ። «አዴ፣ ከፈለጉ ይህን ትዕይንት እናወጣዋለን» አለ።

አዴ ሎሚ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው በወጉ ለበሱ። «ማን ነው የሚያወጣው? ለጂሩ አለቀስኩለት። ከእንግዲህ ለባቻ የማለቅሰው አይጠፋኝም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ብቻ አትተንፍስ!»