ወዳጆና የጠፋው መጋዘን

ወዳጆ ፈሪ አልነበረም ብል ውሸቴን ነው። ጅብ አይፈራም፤ የጓሳ ተራራን ጭጋግ በክረምት ብቻውን በእግሩ ያቋርጣል። አለቃና ማሽን ግን ይፈራል። ዕድሜው ሃምሳ አንድ ነው። ሃያ ስድስቱን ዓመት የኖረው ሞላሌ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሕንፃ ፕላን በእጁ ሲነድፍ ነው። ከሥሩ ያለውን በሚያሳየው ስስ ትሬሲንግ ወረቀት ላይ የሚያሰምረው የቀለም መስመር አይወፍርም፣ አይሳሳም። ከተሳሳተም ቀለሙን በምላጭ ፍቆ ያስተካክለዋል።

በሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም. የሥራ ሂደት ለውጥ የሚሉት ነገር መጣና ሠራተኛው ሁሉ እንደ አዲስ ይመደባል ተባለ። ከእንግዲህ ነዳፊ የሚሆነው በኮምፒዩተር፣ አውቶካድ በሚባል የመንደፊያ ፕሮግራም የሚሠራ ብቻ ነው። ፈተናው ከሦስት ወር በኋላ ይሰጣል። የወደቀ «ተንሳፋፊ» ይባላል። ቃሏን ያወጣትን ሰው እግዜር ይየው! ተንሳፋፊ ማለት ወንበር የሌለው፣ ዘበኛ ሁን ቢሉት እሺ የሚል፣ ምንም ሁን ካላሉት ደግሞ ወደ ቤቱ የሚሸኝ ሰው ነው። ወዳጆ ይህን የሰማ ዕለት እራት አልበላም።

እንድታስተምረው የተመደበችው ገና ከኮሌጅ የወጣችው እየሩስ ናት። በዕድሜ ልጁ ልትሆን ትችላለች። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ቁልፍ ሳያስበው ነክቶ የዋለበትን ሥራ ሙልጭ አድርጎ አጠፋው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዷን ቁልፍ በጣቱ ጫፍ እየነካ እጁን ቶሎ ይሰበስብ ጀመር።

«ጋሼ ወዳጆ፣ ኧረ አይፍሩት! አይነክስዎትም እኮ» ትለዋለች እየሩስ።

«አንቺ ምን አለብሽ፣ ገና አልነከሰሽም።»

ቢሆንም ተማረ። አንዱን መስመር አስምሮ ስልሳ ሳንቲ ራቅ ብለህ ሁለተኛውን ድገም ሲለው፣ ማሽኑ የድንጋይ ግድግዳውን ባንዴ ሠርቶ ሲያሳየው «ወይ ጉድ!» አለ። ግድግዳው ለብቻ፣ በሩና መስኮቱ ለብቻ፣ ልኩ ለብቻ በየንብርብሩ እንደሚቀመጥ ስትነግረው ደግሞ ሳቀ፤ እሱም ትሬሲንግ ወረቀት እየደራረበ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ አልወጣለት አለ። በወረቀት ላይ አንዱ ሜትር አንድ ሳንቲ ሆኖ ነው የሚነደፈው፤ በማሽኑ ላይ ግን አሥራ ሁለት ሜትር አሥራ ሁለት ሜትር ተብሎ ይጻፋል። ወዳጆ ለመቶ ሳያካፍል መስመር መጀመር አልሆንልህ አለው።

«አያካፍሉ ጋሼ! ሲታተም ራሱ ያሳንሰዋል» እያለች ስትጨቀጭቀው ሦስቱ ወር አለቀ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ፈታኙ አቶ ማዕረግ የሚባሉ፣ ከዞን የመጡ ሰው ናቸው። የታዘዘው ባለ ድንጋይ ግድግዳ የእህል መጋዘን ነው፤ የተሰጠው አንድ ሰዓት። እየሩስ ከውጭ እንድትቆይ ተነገራት። ወዳጆ እያንዳንዷን ቁልፍ በጣቱ ጫፍ እየነካ ሥራውን ጀመረ። በአርባ ደቂቃ መጋዘኑን ከነበሩ ጨረሰው። ልኩን ሲያስጽፍ ማሽኑ አሥራ ሁለት ሜትሩን ዜሮ ነጥብ አሥራ ሁለት ብሎ አወጣበት።

አካፍሏል። ሳይታወቀው ሁሉንም ለመቶ አካፍሏል! የመጋዘኑ ርዝመት ከአንድ መዳፍ አይበልጥም።

እየሩስ ያሳየችው የሥዕል ማሳደጊያ ትዕዛዝ ትዝ አለው፤ ሥዕሉን በሙሉ መረጠ፣ መቶ ብሎ ጻፈ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተጫነ። ሲገልጥ ስክሪኑ ባዶ ነው። አንድ መስመር እንኳ የለም።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፤ ደረሰ። አሁን ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ፣ እየሩስ ደጋግማ ያሳየችው፣ ሥዕሉን ሁሉ ወደ ዓይን የሚሰበስብ ትዕዛዝ ነበር። ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ወዳጆ ግን በዚያች ሰዓት እንኳን ሁለት ፊደል፣ የገዛ ስሙንም ብትጠይቁት አያውቅም። ሌላ ቁልፍ ብነካ ደግሞ ማሽኑን ራሱን አበላሽና ያስሩኛል ብሎ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«ጨረሱ?» አሉ አቶ ማዕረግ።

«ጠፋብኝ፣ ጌታዬ። አልቻልኩም።»

«እንግዲያው ይህንኑ ጽፈው ይፈርሙልን።»

አልቻልኩም ብሎ ጻፈ፤ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ። ፈረመና በርኖሱን ደርቦ ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ወደ ገበያው መንገድ ወረደ።

እየሩስ እየሮጠች ደረሰችበት። ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ጋሼ! አለ እኮ! ሥዕሉ አለ! መቶ እጥፍ ስላደገ ከስክሪኑ ወጥቶ ነው እንጂ አልጠፋም። አቶ ማዕረግ ሰብስበው አዩት፤ ግድግዳው ስልሳ ሳንቲ፣ ልኩም ልክ ነው!»

ወዳጆ ዞሮ ወደ መሥሪያ ቤቱ እንደ ወጣት ሮጠ። አቶ ማዕረግ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቀና ብለው ሊያዩት ግን አፈሩ።

«ሥራዎ ያሳልፍ ነበር፣ አቶ ወዳጆ። ነገር ግን አልቻልኩም ብለው ፈርመው ወጡ። የፈተናው ኮሚቴም ሥዕሉ ሳይገኝ በፊት ይህንኑ በቃለ ጉባኤ ይዞ ፈረመበት። እኔ ምን ላድርግ?»

ወዳጆ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ጥሩሸዋ ከደጅ ቆማ ትጠብቀዋለች። ሦስት ወር ሙሉ ፈተናውን እንዲያልፍላት ስለት ስትሳል የከረመች ሴት ናት።

«እህ፣ እንዴት ሆነልህ?»

«ሥራው ልክ ነበር።»

«እሰይ! እሰይ እመቤቴ! አለፍኻ?»

ወዳጆ በርኖሱን አውልቆ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ፈራሁ፣ ጥሩዬ» አላት።