የድልድዩ ፊልም መታወቂያ

እኔ ፊልም የማውቀው ከጀርባው ነው። ፊቱን የሚያዩት ደንበኞቼ ነበሩ፤ እኔ የማየው የካሴቱን ጀርባ፣ በእስክሪብቶ የጻፍኩበትን ቁጥር ነው።

ሱቄ ከምኒልክ አደባባይ ወደ አትክልት ተራ ሲወርዱ በስተግራ ነበረች፤ አንድ ባንኮኒ፣ አንድ መደርደሪያና አንድ እኔ። ካሴት አከራየሁ። ካሴት ሲሞት ሲዲ አከራየሁ። ሲዲም ሲሞት ፍላሽ ላይ መጫን ጀመርኩ። ዛሬ ሱቋ የለችም፤ ሰፈሩ ሲነሳ አብራ ተነሳች። ነጋዴ ግን ሱቁ ቢፈርስ ምላሱ አይፈርስም።

አሁን ሥራዬ ይኸውላችሁ። ከቴሌቪዥን ጋር የምትገናኝ፣ ከገላ ሳሙና ብዙም የማትበልጥ ሳጥን አለች። ደንበኛው የሚወዳቸውን ፊልሞች ሁሉ እሷ ላይ እጭናለሁ። ሪሞቱን ሲነካ ፊልሞቹ በተርታ ይመጣሉ፤ አንዱ ላይ ሲቆም ደግሞ ስክሪኑን የሚሞላ የፊልሙ ገጽ ይከፈታል፤ ፎቶው፣ ስሙ፣ ርዝመቱ፣ እነማን እንደሠሩበት፣ ታሪኩ ባጭሩ። ያንን ገጽ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። መታወቂያ እለዋለሁ። ቀበሌ ከሚሰጠው የሚለየው ፎቶው ባለቤቱን መምሰሉ ነው።

የሳጥኗ ፕሮግራም ራሱ ገጹን ከኢንተርኔት ለቅሞ ይሞላዋል ይላሉ። እውነት ነው፣ ይሞላል፤ ግን ስም ብቻ አይቶ ነው። አንድ ጊዜ የህንድ የፍቅር ፊልም ላይ ሰው ስለሚበላ ዓሣ የሚያወራ ታሪክ ለጥፎብኝ፣ ደንበኛዬ «ዓሣው መቼ ነው የሚመጣው?» እያሉ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ በእጄ፣ በአማርኛ እጽፋለሁ።

አንድ መስመርም ከራሴ ጨምሬበታለሁ፤ «የሰፈር ስም» የሚል። እኛ ጋ ፊልምን ሠሪዎቹ ባወጡለት ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም። «የመንትዮቹ» ይባላል፤ «የዝሆኑ» ይባላል፤ «ያ ራሰ በራው ቦስ ያለበት» ይባላል። ቦስ ክፉው ነው፣ አክተር ደጉ። የቀረው ተዋናይ፣ በአገሩ የቱንም ያህል ቢከበር፣ ለእኛ እንዲሁ ሰው ነው። ደንበኛ ባንኮኒዬን ተደግፎ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀውም አንድ ነገር ነበር። «አክተሩ ይሞታል?»

ይሞታል ካልኩ ካሴቱ መደርደሪያው ላይ ያድራል። አይሞትም ብዬ ከሞተ ደግሞ ሰውየው በማግስቱ ዘመድ የቀበረ መስሎ ይመጣል። «ሸወድከኝ! ልጆቼ ራታቸውን ሳይበሉ አለቀሱ!» ይለኛል።

«የድልድዩ» ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ የሆነ ፊልም ነበር፤ ነፃ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። የህንድ ነው። ቦሱ ልጅን ከእናቱ በሕፃንነቱ ይነጥቃል፤ ልጁ አድጎ አክተር ይሆንና እናቱን ሲፈልግ ይኖራል፤ በመጨረሻ አንድ ድልድይ ላይ፣ እሱ ከወዲህ እሷ ከወዲያ ሆነው ይተያያሉ። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። የቀዳሁበት ካሴት ግን ባለ ሦስት ሰዓት ነው። ሁለት የቪዲዮ ዴክ አገናኝቼ ስቀዳው፣ እናትና ልጅ እጃቸውን ዘርግተው መሮጥ እንደጀመሩ ካሴቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው።

እኔ ዋናውን አይቼዋለሁ። አክተሩ ድልድዩ መሃል ላይ ሲደርስ ቦሱ በጥይት ይመታዋል፤ እናቱ እቅፍ ውስጥ ይሞታል። ለቀረችው ሩብ ሰዓት ሁለተኛ ካሴት መጨመር እችል ነበር። አልጨመርኩም። ሰው ተቃቀፉ ብሎ ካሰበ እኔ ምን አገባኝ? ያ ካሴት መደርደሪያ ላይ ያደረበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከሁሉ አብልጠው የወደዱት አፍንጮ በር የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ዛሬ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው። ስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ታሪኩን ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ይተርኩት ነበር። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ እግራቸውን ከፔዳሉ ያነሳሉ። «ተቃቀፉ!» ይላሉ፣ ካሴቱ ያላሳያቸውን እቅፍ በሁለት እጃቸው እያሳዩ። «አላህ ያገናኘውን ቦስ አይለየውም!»

ከሱቃቸው የማይጠፉ አንድ ወዳጅ ነበሯቸው፤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ። ለምሳ ሲወጡ እዚያ፣ ከሥራ ሲወጡ እዚያ። በሁዳዴ ሐጂ በጸሐፊው ፊት ሥጋ አይቀምሱም፤ በረመዳን ጸሐፊው በሐጂ ፊት ውሃ አይጠጡም። አንድ ቀን ሐጂ እንደ ልማዳቸው እየተረኩ ሳለ ጸሐፊው ጣልቃ ገቡ።

«እኔ ይህን ፊልም በጎረምሳነቴ ሲኒማ ቤት አይቼዋለሁ። ይሞታል።»

«ማን?»

«አክተሩ ነዋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ በጠራራ ፀሐይ ጠጥተሃል?»

«ድልድዩ ላይ ነው የሚመታው እያልኩህ!»

«ስንት ጊዜ ያየሁትን ነው የምትነግረኝ? ውሸታም!»

ውሸታም የተባሉት ደንበኛ ፊት ነው። ሁለቱም እየተጣደፉ እኔ ጋ መጡ። ሐጂ ባንኮኒውን መቱት። «አንተ ፍረደን! አክተሩ ይሞታል?»

እዚህ ላይ እውነቱን ብናገር ካሴቱ እዚያው ሞተ ማለት ነው። ሰፈሩም ሌላ ስንት ፊልም እንደቆረጥኩ መጠየቁ አይቀርም። «እኔ የማውቀው ካሴቱን ነው» አልኩ። «ካሴቱ ላይ አይሞትም።»

«ሰማህ?» አሉ ሐጂ።

ጸሐፊው ወደ እሳቸው አልዞሩም። እኔን አዩኝ። ነቄ ሰው ነበሩ። «ገባኝ» አሉና ወጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጸሐፊው ሐጂ ሱቅ ድርሽ አላሉም። ሱሪያቸውንም ሌላ ሰፊ ጋ ማሰፋት ጀመሩ፤ አንዱ እግር ከሌላው ይረዝም ነበር። በሱቄ ደጅ ሲያልፉ ያ ሱሪ የእኔ ጥፋት ሆኖ የሚራመድ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛ ካሴት ብጨምር ኖሮ የሚድን ወዳጅነት ነበር። እንዲህ እንደተኳረፉ ዓመታት አለፉ፤ ሰፈሩ ሲነሳ ደግሞ ለጸሐፊው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸውና ሄዱ፤ ሐጂ ግን እዚያው አፍንጮ በር ቀሩ።

በቅርቡ የሐጂ ሴት ልጅ ደወለችልኝ። «አባቴ ጉልበታቸው እንቢ ብሎ ቤት ውለዋል። ሳጥኗን ይሥሩልን። ሌላው ቢቀር የድልድዩ እንዳይጎድል ብለዋል።»

ፊልሙን አገኘሁት፤ ሙሉውን፣ ጥርት ያለውን። ፎቶውን አስገባሁ፤ የሰፈር ስሙን ጻፍኩ። ርዝመት የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ዛሬ መቁረጥ ከድሮው ይቀላል፤ ካሴት እስኪያልቅ መጠበቅ የለም፣ ሁለት ጊዜ መጫን ነው። ሐጂም የሚያውቁትን ፊልም አይተው፣ ተቃቀፉ ብለው ደስ ብሏቸው ይተኛሉ። ቆርጬም አየሁት። ከዚያ ታሪኩን ልጽፍ ብዬ «እናትና ልጅ ድልድይ ላይ ይገናኛሉ» አልኩ። ውሸት የለበትም። ባንኮኒው ላይ የሰጠሁት ፍርድም ውሸት አልነበረበትም።

አጠፋሁት። የቆረጥኩትን መልሼ ቀጠልኩና፣ የሐጂን ዓይን አስቤ ፊደሉን አተልቄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«የሰፈር ስም፦ የድልድዩ። ርዝመት፦ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ድሮ የተከራየው ካሴት ሦስት ሰዓት ብቻ ነበር። በቀረችው ሩብ ሰዓት አክተሩ ይሞታል። የቆረጠው አከራዩ ነው፤ ሲጠየቅም እያወቀ ደበቀ። ሲኒማ ቤት አይቻለሁ ያለው ሰው እውነቱን ነበር።»

በማግስቱ ሳጥኗን ይዤ አፍንጮ በር ሄድኩ። ልጅቷ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘቻት። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጨርቅ እንደሚለካ ሰው እያንዳንዷን ቃል በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ። ጨረሱ። እንደገና ከላይ ጀመሩ። ልጅቷ ምን እንደሆነ ስላልገባት አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ ሐጂ።»

«ስንጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

መነጽራቸውን አወለቁ። እርግማን እየጠበቅኩ ነበር። «ያ ሰውዬ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ያንን ጠማማ ሱሪ ለብሶ ሲዞር!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስልኩ አለህ?»

ነጋዴ የማን ስልክ ይጠፋበታል። ደወልኩና ድምፁን ለሁላችንም ከፈትኩት።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አሉ ጸሐፊው።

«እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ። ሰላምታ ሊያስቀድሙ አስበው ይመስለኛል፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ሞቷል።»

«በስመ አብ! ኧረ ማን?»

«አክተሩ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«የድልድዩ?» አሉ ጸሐፊው።

«የድልድዩ። ገና አሁን ተረዳሁ።»

«ማን አረዳህ?»

«አከራዩ።»

«እሱማ የዚያኑ ቀን ያውቅ ነበር። ዓይኑ ላይ አይቼዋለሁ።»

«ያውቅ ነበር። አንተን ደግሞ ሰው ፊት ውሸታም አልኩህ። አውፍ በለኝ።»

ጸሐፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እና አሁን ለቅሶ ልድረስ ነው የምትለኝ?»

«ምኑን ትጠይቀኛለህ? ና እንጂ!»

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔም ሐጂ ቤት ሳለሁ፣ ጸሐፊው መጡ። ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አጣፍተው ከበሩ ቆሙ። አርጅተዋል፤ ፊታቸው ላይ ግን ሳቅ አፍነዋል።

«ቀበራችሁት እንዴ?» አሉ ከደጅ።

«አንተ ሳትመጣ?» አሉ ሐጂ፤ ለመነሳት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እንቢ ሲል እጃቸውን ዘረጉ። ጸሐፊው ጎንበስ ብለው አቀፏቸው። ሐጂ በዚያው እጃቸውን ወደ ጸሐፊው ሱሪ ሰደዱና ስፌቱን ዳበስ አድርገው፣ «ይኼን ማን ሰፋው?» አሉ።

ልጅቷ ሪሞቱን አነሳች። እኔም ቀስ ብዬ ጫማዬን ማጥለቅ ጀመርኩ።

«ወዴት ነው?» አሉ ሐጂ።

«ሥራ አለብኝ ሐጂ።»

«ተቀመጥ» አሉ ጸሐፊው። ከዚያ የባንኮኒ ቀን በኋላ በቀጥታ ሲያናግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። «ያችን ሩብ ሰዓት አብረኸን ታያለህ።»

ጫማዬን መልሼ አውልቄ ሦስቱንም ሰዓት ከሩብ ተቀመጥኩ።