የሃምሳ ሚሊዋት ሙቀት

አካለ ወልድ በደብረ ወርቅ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ነበር። ጾም የሚገባበትን ቀን በጣቱ አንጓ ቆጥሮ ሲናገር ቀሳውስቱ እንኳ አይከራከሩትም። ኩራቱም ከዕውቀቱ አያንስም፤ ወጥ ጨው ቢያንሰው ስንት ፍሬ እንደጎደለ ቆጥሮ ለሚስቱ ለየብርጓል ይነግራታል እያሉ ጎረቤቶቹ ያሙታል።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ይኸው ቁጥር አዋቂነቱ የስልክ ቤት ጸሐፊ አደረገው። አለቃው አንድ ወፍራም ማሬሻሎ፣ የጣሊያን የበታች ሹም ነበር። በአገሩ ኮፍያ ሰፊ ነበር ይባላል፤ እውነት ይሁን ውሸት እንጃ። ብቻ ከመቶ የበለጠ ቁጥር ባየ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርግ እንደነበር አካለ ወልድ በዓይኑ አይቷል። የኤሌክትሪኩ መካኒክ ታሞ አስመራ ከተላከ ወዲህ ደግሞ የመካኒኩን የሰንጠረዥ ደብተር የሚያገላብጥ ሰው ከአካለ ወልድ በቀር ጠፋ።

በ1930 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከደብረ ማርቆስ በሽቦ የሚላከው ኃይልና ሉማሜ የሚደርሰው አልገጥም አለ። ልዩነቱ ሃምሳ ሚሊዋት ነው። ሚሊዋት የአንድ ዋት ሺኛ ናት፤ ሃምሳው ተሰብስቦ የዝንብ እግር አያሞቅም። ማሬሻሎው ግን አርበኞች ሽቦው ላይ ሌላ ሽቦ ቀጥለው ወሬያችንን እየሰሙ ነው አለ። በመንገዱ መካከል ሽቦው የሚያልፍበት ጎጆ አለ፤ ውስጡ የመዳብ ጥቅል ያለበት ሣጥን ተቀምጧል። የጎጆው ዘበኛ አበረ ይባላል፤ የየብርጓል ታናሽ ወንድም ነው። ሌላ ተጠርጣሪ የፈለገ አልነበረም። አበረን የፊጥኝ አስረው አመጡት።

«እናቴ ስትሞት አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ» አለች የብርጓል። «እስቲ ያ ቁጥርዎ ዛሬ ለሰው ይሁን።»

አካለ ወልድ ማሬሻሎው ፊት ቀረበ። «ጌታዬ፣ ኃይሉ ተሰርቆ ሳይሆን ጥቅሉ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ቀርቶ ቢሆንስ? ሙቀት ደግሞ ይለካል» አለ።

ማሬሻሎው ጉሮሮውን ጠረገ። ነገሩ ገባው፤ ወይም የገባው መሰለ። ስምምነቱ ይህ ሆነ፦ ጥቅሉ መጥቶ አንድ ሊትር ውኃ በያዘ ቴርሞስ ውስጥ ይነከራል፤ ያው ኃይል ከንጋት እስከ ንጋት ያልፍበታል። አካለ ወልድ ውኃው ስንት ዲግሪ መሞቅ እንዳለበት አስቀድሞ ጽፎ ይፈርማል። ያለው ከደረሰ አበረ ይፈታል። ካነሰ፣ የጎደለውን አርበኛ ጠጥቶታል ማለት ነው።

አካለ ወልድ ደስ እያለው ተቀመጠ። ሰንጠረዡ አንድ ሚሊዋት በሰዓት የአንድ ካሎሪ ከመቶው ሰማንያ ስድስት እጅ ይወጣዋል ይላል። ሃምሳው አርባ ሦስት ካሎሪ ሆነ። አንድ ካሎሪ አንድ ግራም ውኃን አንድ ዲግሪ ታሞቃለች። ይህ ለአንድ ሰዓት ነው፤ ለዕለቱስ? እጁ ሳያቅማማ በስልሳ አባዛ። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ። ሊትሩ ሺህ ግራም ነው፤ ስለዚህ ሁለት ዲግሪ ተኩል። ጻፈ፤ ስሙን በቁም ጽሕፈት አስውቦ ፈረመ።

ከሰዓት በኋላ ወደ እስር ቤቱ መስኮት ጎራ አለ።

«ጋሼ፣ ውኃው ሞቀ?» አለ አበረ።

«እየሞቀ ነው።»

«እግር መታጠቢያ በማይሞላ ውኃ ነፍሴን ቀቀሏት በለኛ። ሲፈላ ጥሩኝ።»

«ነገ ራትህን እኔ ቤት ትበላለህ።»

«እኅቴ ሽሮውን ታወፍረው። እርስዎ ቤት እንደሁ ሽሮም ተቆጥሮ ነው የሚቀርበው።»

ሁለቱም ሳቁ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሙቀት መለኪያውን አወጡት። ውኃው የሞቀው አንድ ዲግሪ ብቻ ነበር።

«የቀረውስ?» አለ ማሬሻሎው።

አካለ ወልድ እንደገና አሰላ። ሦስት ጊዜ አሰላ። ብዜቱ ሦስቴም ልክ ነው፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ። ማሬሻሎው ወረቀቱን ከእጁ መንጭቆ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ የካሚዮን ድምፅ ተሰማ።

አካለ ወልድ የሚያደርገው ጠፍቶት የዕለት ሥራውን ያዘ። የነገውን የስልክ መዝገብ ማስመር ጀመረ፤ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ መስመር። ሃያ አራተኛው ላይ ገጹ አለቀ። ገጹን አየው። ሃያ አራት። በባሕረ ሐሳብ ዕለት የሚከፈለው በሰዓት ሳይሆን በኬክሮስ ነው፤ ዕለት ስልሳ ኬክሮስ ነው ብሎ ከልጅነቱ ጀምሮ ያዜመው ቁጥር፣ የሰዓት ሒሳብ መካከል ሳይጠራ ገብቶ ተቀምጧል። አርባ ሦስትን በሃያ አራት አባዛ። ሺህ ሠላሳ ሁለት፤ አንድ ዲግሪ። ውኃው ልክ ነበር። ጥቅሉ ልክ ነበር። አበረም እንደዚያው።

ባዶ ራሱን እየሮጠ ማሬሻሎው ምሳ ሲበላ ደረሰበት። ማሬሻሎው እያኘከ ሰማው።

«ፈርመሃል። ሰውዬው ጠዋት ሉማሜ መንገድ ላይ ተረሽኗል። ተሳስቻለሁ የሚል ወረቀት ካመጣህ የምሰድህ ከሱ አጠገብ ነው» አለና ዳቦውን ቆረሰ።

አስከሬኑን አልሰጧቸውም። ልቅሶው ያለ ሬሳ ተቀመጠ። አካለ ወልድ ለቀስተኛው መካከል ቆሞ «እኔ ነኝ የገደልኩት፤ በስልሳ አባዛሁት» አለ። ሰዎች ክንዱን ይዘው አስቀመጡት።

«ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያስለፈልፈው» አለች አንዷ።

«ሰውዬው የቻለውን ያህል ታግሎለት» አለ ሌላው።

ተነሥቶ ስለ ካሎሪ፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ ኬክሮስ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ባስረዳ ቁጥር ይበልጥ አዘኑለት። የሚወቅሰው እንኳ አጣ።

ለቀስተኛው ሲሳሳ የብርጓል ነጠላዋን ከፊቷ አነሣች። ድምፅዋ ሰልሏል።

«በስንት ነበር ማባዛት?»

«በሃያ አራት።»

«ያውቁት ነበር?»

«አውቀው ነበር።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ መለሰች። ከዚያ ከአጠገቡ ተነሥታ በሩ ዘንድ፣ የማታውቃቸው ሴቶች መካከል ሄዳ ተቀመጠች።